ጫፉ ያልታሰረው ገሳ

ከቢቸና ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሊሞላኝ ነው፤ ጫማዬ ግን ገና አልደረቀም። ጋዜጣ ጠቅጥቄበት በረንዳ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቆዳው ተጣሟል፣ ሶሉ አፉን ከፍቷል፣ ጥቁር ጭቃ ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ጎረቤቴ ባየው ቁጥር «ጣለው እንጂ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ምስክር ይሁነኝ ብዬ ትቼዋለሁ። ወደዚያ አገር የመሄድ ዕድል ለማይገጥመው ሰው መንገዱን እንዳየሁት ልንገረው፤ እግረ መንገዴንም የራሴን ጉድ እናገራለሁ።

ሥራዬ ዲዛይን ነው። የሆቴልና የሀብታም ቤት ውስጡን አሳምራለሁ፤ ወንበሩን፣ መብራቱን፣ ግድግዳውን። ሜትር ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም። ምግብ ቤት ገብቼ ምግቡ እስኪመጣ ጠረጴዛውን የምለካ ሰው ነኝ። በዚህ ክረምት አንድ አዲስ ሆቴል ለመግቢያ አዳራሹ «የክረምት ግድግዳ» ሥራልኝ አለኝ። እኔም አምስት ገሳ በእኩል ቁመት ተደርድረው ተሰቅለው፣ ከኋላቸው መብራት ሲፈስባቸው የሚያሳይ ሥዕል ሠርቼ ወሰድኩለት። ለማያውቀው፣ ገሳ ማለት የጎጃም ገበሬ በክረምት ከአናቱ እስከ ባቱ የሚደርበው ከሣር የተሠራ የዝናብ ልብስ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ሥዕሉን ሲያይ ፊቱ በራ። «ለእንቁጣጣሽ ይድረስ» አለ። «ይደርሳል» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ገሳ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

የነሐሴ መጀመሪያ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ደጋግሜ ካጣራሁ በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ ተነሣሁ። የለበስኩት ጫማ ያው አሁን በረንዳ ላይ ያለው ነው፤ የሸጠልኝ ሰው «የጣሊያን ነው» ብሎኛል፤ ዋጋውም የጣሊያን ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ደጀን የሚመለሱ አንዲት እናት ነበሩ። ጫማዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ቀጥለው ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው ዘገኑልኝ። «ብላ ልጄ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉኝ። ያዘኑልኝ መሰለኝ።

ዓባይ በረሃ ስንደርስ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶት ስለነበር ምንም አላየሁም። ሰው ስለ ዓባይ ሸለቆ ብዙ ያወራል፤ እኔ የማውቀው የሾፌሩን ፍሬን ድምፅና የእኚህን እናት «በስመ አብ» ብቻ ነው። ደጀን ላይ ሽሮ በልቼ በሚኒባስ ወደ ቢቸና ተሳፈርኩ። ከየትመን ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ። እኛ አዲስ አበባ ዝናብ ሲጥል ቀኑ ተበላሸ እንላለን፤ ስብሰባ እናዘገያለን፣ ታክሲ እንራገማለን። እዚህ ሰው ሁሉ ዝናቡ ውስጥ ነው ያለው። ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፣ ቆሞም ያወራል። የሚገርመው ግን የለበሱት በሙሉ ላስቲክ ነው። ገሳ አንድም አላየሁም።

ቢቸና ስደርስ አመሻሽ ነበር። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናቡ ሲወርድ ከባለቤቷ ጋር የተነጋገርነው በምልክት ነው ማለት ይቻላል። እሳቸውም በምልክት ወደ ጫማዬ አመለከቱና ጥቁር የኮንጎ ጫማ አምጥተው አልጋው ሥር አኖሩልኝ። ኩራቴ አልፈቀደልኝም፣ አመስግኜ እዚያው ተውኩት። ፍልሰታ ስለሆነ እራቱ ሽሮ ነበር። እንጀራው ግን ሌላ ነው። እኔ ቤት የማስመጣው እንጀራ ከምን ከምን እንደተደባለቀ ፈጣሪና ጋጋሪዋ ብቻ ናቸው የሚያውቁት፤ የቢቸና ጤፍ ግን ለስላሳ ሆኖ ጣት ላይ ይታጠፋል። ከበላሁ በኋላ እንደ ልማዴ ጠረጴዛውን ለካሁት። ሰባ ሁለት ሴንቲ ሜትር፤ ትክክል ነው።

ሁለተኛው ቀን

ገበያ ነበር። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። በሬ፣ በግ፣ ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ የእርሻ ዕቃ፣ ላስቲክ በሜትር የሚቆርጡ ነጋዴዎች። ዓይኔን የያዘው የማዳበሪያ ከረጢት ነው። አንዱን ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ያስገቡና ቆብ ያለው ካባ ያደርጉታል፤ አንድ ስፌት የለበትም። እኔ ይህን ለማሰብ ሁለት ረዳትና አንድ ወር ይፈጅብኝ ነበር።

ገሳ የት እንደሚሸጥ አንዲት ላስቲክ ነጋዴ ጠየቅኩ።

«ገሳ?» ብላ ሳቀች። «ላስቲክ እያለ ማን ገሳ ይሸከማል! ለማን ፈልገኸው ነው?»

«ለሆቴል።»

ይሄንን ለጎረቤቷ ነጋዴ ነገረቻት፤ እሷም ለቀጣይዋ። ሳቁ ገበያውን አዳረሰ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ግን አዘነልኝና «አያ ታከለ አሉ፤ እሳቸው ይሠራሉ» አለ። ባጃጁ የሚደርስበት ድረስ አደረሰኝ። ከዚያ ወዲያ ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ሁለተኛው ላይ የግራ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረና በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት።

አያ ታከለ ሰባዎቹን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጣታቸው ረጃጅም ሰው ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ቆመው አወዳደቄን ሲያዩ ቆይተዋል መሰለኝ፣ ስደርስ ባለቤታቸውን ተጣሩ። እትዬ ጥሩዬ ውሃ አምጥተው እግሬን አጠቡኝ። አይሆንም ብዬ ብግደረደር «በሞቴ» አሉ፤ ከበሞቴ ወዲያ ክርክር የለም። መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ቁመቱ ስለተመቸኝ ሳያዩኝ ለካሁት፤ አርባ ሦስት ሴንቲ ሜትር። ከውጭ አስመጥቼ በውድ የምሸጠው ሶፋ አርባ ሦስት ነው።

ቆጥ ላይ የደረቀ ሣር ተደርድሯል። ከረግረግ አጭደው እሳት በላዩ እየጨሰበት ያደርቁታል፤ ክረምት ላይ ፀሐይ የት ይገኛል። የመጣሁበትን ነገር ተናገርኩ።

«አምስት ገሳ ነው የምፈልገው። አንድ ዓይነት፣ እኩል ቁመት።»

«ለማን ለማን?» አሉ አያ ታከለ።

«ለግድግዳ ነው።»

 «ግድግዳው ይዘንብበታል?»

«አይ፣ ቤት ውስጥ ነው። ለውበት ነው፣ አባቴ።»

«እህ» አሉ። «እኔ የማለብሰው ሰው ነው ልጄ። ገሳ ትከሻ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ረድፍ በትከሻ ልክ ካልታሰረ የቀረው ሁሉ ይጣመማል። ከረዘመ ይጠልፍሃል፣ ካጠረ ባትህን ያስመታሃል። እኩል የሚባል ነገር የለውም።»

ሜትሬን አውጥቼ «አንድ ሜትር ከሃያ ቢሆንስ?» አልኩ። ተቀብለውኝ ጎተቱት፣ አዩት፣ ለቀቁት። ሜትሩ ተመልሶ ሲገባ እትዬ ጥሩዬ ከጓዳ ሳቁ። አያ ታከለ የሚለኩት በክንድና በስንዝር ነው። የሰው ስም ካልተነገራቸውም አይጀምሩም። ስሙን የሚፈልጉት ሲሠሩ ሰውየውን እያሰቡ ስለሚያስሩት ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት አሠራር ነው። ብለምናቸው፣ ዋጋ ብጨምር፣ አልተነቃነቁም። ሆቴሉና እንቁጣጣሽ በዓይኔ ላይ ዞሩ።

በመጨረሻ አንድ ነገር መጣልኝ። «እሺ» አልኩ፣ «በመሥሪያ ቤቴ አራት ሠራተኞች አሉኝ። በእነሱ ልክ ይሠራ። የሚሰቀል ቢሆንም ባለቤት ይኖረዋል።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ። ስማቸውንና ቁመታቸውን ንገረኝ።»

ይሄ ለእኔ ቀላል ነው። የሥራ ጠረጴዛቸውን በየቁመታቸው ስለሠራሁላቸው የአራቱንም በሴንቲ ሜትር አውቀዋለሁ። ስማቸውን እየጠራሁ፣ ትከሻቸውንና አቋማቸውንም ጨምሬ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም አጠገቤ አቁመውኝ ከእኔ እያስበለጡና እያሳነሱ በክንድ አሰሉት።

«አምስተኛውስ?»

ሜትሬን ዘርግቼ መልሼ ከተትኩ።

«ልጅ የለህም?»

«አንዲት ልጅ አለችኝ። ቤዛ ትባላለች።»

«ተባረክ። ቁመቷስ?»

እዚህ ላይ ለአንባቢዬ መናዘዝ አለብኝ። የበር ቁመት አውቃለሁ። የመታጠቢያ ገንዳ፣ የመስኮት ደፍ፣ የአልጋ ራስጌ አውቃለሁ። የልጄን ግን አላውቅም። ከእናቷ ከሰናይት ጋር ከተለያየን ወዲህ ቤዛ ከእናቷ ጋር ቢሾፍቱ ነው የምትኖረው። ካየኋት አራት ክረምት አለፈ። በበዓል እደውላለሁ፣ ስጦታ በሰው እልካለሁ። መጀመሪያ ከሰናይት ጋር ተኳርፌ ነው የቀረሁት። ኩርፊያው ካለፈ በኋላ ደግሞ አፈርኩ፤ ዛሬ ነገ ስል እፍረቱ ከልጅቷ እኩል አደገ። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ነው።

እጄን የጎድን አጥንቴ ላይ አደረግኩ። «እዚህ ድረስ ትሆናለች» አልኩ።

«መቼ?» አሉ አያ ታከለ።

«አሁን ነዋ።»

«ዕድሜዋስ?»

«አሥራ አራት።»

እጄን አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ። «አባቷ ረጅም ነህ» አሉ። ትንሽ ቆይተው «የሷን ባሳየኸኝ ልክ ጀምሬ አቆየዋለሁ። እስክትመለስ ደውለህ እናቷን ጠይቅ» አሉኝ። ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ሊያግዟቸው ተስማሙ፣ ከሦስት ቀን በኋላ እንድመለስ ተቃጠርን። ፔንሲዮኑ ስደርስ የኮንጎ ጫማውን አጠለቅኩት። ባለቤቷ አይተውኛል፤ እንዳላዩ ሆኑ።

ሦስተኛው ቀን

ሥራው እስኪያልቅ ሞጣ ደርሼ ለሆቴሉ በቆዳ የተለበጠ አገልግል ልፈልግ አሰብኩ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ቢቸና ተቀምጬ ስልኬን እያየሁ መዋል አልፈለግሁም። ሰው ከስልክ ሸሽቶ ሞጣ ይሄዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ደብረ ወርቅን አልፈን ትንሽ እንደሄድን አውቶቡሱ ተያዘ። ወንድ ወረደ፣ ሴት ወረደ፣ ሁሉም ገፋ። አንድ መምሬ ዣንጥላቸውን ለእኔ አስይዘው ካባቸውን ሰብስበው ሊገፉ ገቡ። እኔ ዣንጥላ ይዤ ቆሜ ካህን ጭቃ ውስጥ ሲገፉ ማየት አልሆነልኝም፣ ዣንጥላውን ለአንዲት ባለ ሕፃን ሰጥቼ ገባሁ። አዲስ አበባ መኪናዬ ቢቆም ከኋላ ያለው ጡሩንባ ይነፋል። እዚህ ከእርሻ ያሉት ሳይቀሩ ሞፈራቸውን ትተው መጡ። አውቶቡሱ ሲወጣ ማንም ማንንም አላመሰገነም፤ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሞጣ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። በመንገዱ ምክንያት የቆሙት አውቶቡሶች ተሳፋሪ አልጋውን ሁሉ ሞልቶታል። ሦስት ቦታ «የለም» ተባልኩ። አራተኛው በር ላይ ዝናብ ሲወቅጠኝ ከፊት ለፊት ካለው የጨርቅ ሱቅ አንዲት ሴት ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ግድግዳውን ደግፈህ ልታድር ነው? ና ግባ።»

እትዬ ዘሃራ ይባላሉ። ቤተሰባቸው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሞጣ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ወንድ ልጃቸው ለትምህርት ስለሄደ ክፍሉ ባዶ ነው አሉኝ። ደረቅ ጋቢ አመጡልኝ። ምግብ ሲቀርብ ፈራ ተባ ማለቴን አይተው «አውቃለሁ፣ ጾማችሁ ነው። ጎመኑም ሽሮውም በዘይት ነው» አሉ። ከመደርደሪያው ጫፍ ለብቻው የተቀመጠ ሳህን አወረዱ። «ይሄ ለክርስቲያን እንግዳ የተለየ ዕቃ ነው፤ እናቴም እንዲህ ታስቀምጥ ነበር።» እኔ በአዲስ አበባ ከጎረቤቴ ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን፤ ይጹም አይጹም አላውቅም። ሳህኑ ጠርዙ ላይ የተላጠ ነጭ ብረት ነው። ብዙ ውድ ሳህን ለብዙ ውድ ሆቴል መርጫለሁ። እንግዳ ሳይመጣ አስቀድሞ የታሰበበት ሳህን ግን መርጬ አላውቅም።

አራተኛው ቀን

አገልግሉን አገኘሁ፤ በዘይት የጠገበ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሚል፣ ማንገቻው በእጅ የተገመደ። አንድ ብቻ ገዛሁ። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። ስልክ መደወል ነበረብኝ። ጠዋት መብራት የለም፣ ከሰዓት ኔትወርክ የለም፤ በሁለቱም ደስ አለኝ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ግን እትዬ ዘሃራ «ደረጃው ላይ ብትቆም ይሠራል» አሉኝ። ምን እንደሚያስጨንቀኝ ያወቁ ይመስለኛል።

ሰናይት አነሣች። ደህንነት ተጠያየቅን።

«የቤዛን ቁመት ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«ምን ልታደርግበት?»

«ገሳ ላሠራላት። የዝናብ ልብስ ነው፣ የሣር።»

«የት ሆነህ ነው የምትደውለው?»

«ሞጣ።»

 የተቆጣች አልመሰለኝም፤ ድምፅዋ እንዲያውም የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ሞጣ ድረስ ሄድክ» አለች። «ቢሾፍቱ አንድ ሰዓት ነው። ቁመቷን ከፈለግክ መጥተህ ለካት።» ስልኩን ዘጋችው።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ይሄን ተረት በሌላ ሰው ላይ ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ዝናቡን አየሁ። እትዬ ዘሃራ ከባንኮኒው ኋላ ጨርቅ ያጥፋሉ፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

«አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጥኩ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ለልጅ ልብስ ሲገዛ አባት ሁልጊዜ ያሳንሳል። እናት ታስበልጣለች።»

«ለምን?»

«አባት የሚገዛው ባለፈው ላያት ልጅ ነው። እናት ግን ለከርሞዋ ነው የምትገዛ።» የቅርንፉድ ሻይ ቀዱልኝ። «አትዘን። አሳንሶም ቢሆን ይዞ የሚመጣ አባት ደግ ነው። ጭራሽ ከሚቀረው ይሻላል።»

አምስተኛው ቀን

ስሰናበታቸው ያደርኩበትን ሒሳብ ልክፈል ብል እትዬ ዘሃራ ተቆጡኝ። «ሆቴል ነው ያደረግከው ቤቴን?» አሉ። ወደ ቢቸና በተመለስኩ ጊዜ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር፣ ወደ አያ ታከለ ቤት ስሄድም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወደቅሁት። በኮንጎ ጫማም ይወደቃል።

አራቱ ገሳዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ከሩቅ ሳያቸው ደነገጥኩ፤ አንዱ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ አንዱ አጭርና ደንዳና፣ አንዱ ጎበጥ ያለ። አራቱን ሠራተኞቼን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የቆሙ ያህል ለየኋቸው። አያ ታከለ አንዳቸውንም አይተው አያውቁም።

«እናቷ ምን አለች?» አሉኝ።

«ስልኩ እምቢ አለ» አልኩ። ዋሸሁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው፣ እግሬን ባጠቡልኝ ቤት ውስጥ፣ ዋሸሁ።

አያ ታከለ ቀና አላሉም። አምስተኛውን ከቆጥ አወረዱት፤ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ እኔ ባሳየሁት ልክ የተሠራ ነበር። የአራቱ ጫፍ በቃጫ ተጠምዝዞ ታስሯል፣ የዚህ ግን ሣሩ እንዲሁ ተለቋል።

«ይሄ አላለቀም እንዴ?» አልኩ።

«የልጅ ገሳ ጫፉ አይታሰርም» አሉ። «ልጅ ያድጋል አይደል? በየክረምቱ አንድ ረድፍ ይጨመርበታል። ስትጎለምስ፣ ማደግ ስታቆም፣ ያን ጊዜ ይታሰራል። የሚጨምረው ደግሞ አባት ነው። እኔ አይደለሁም።»

አስቀምጠው አስተማሩኝ። አዲሱ ረድፍ ከነባሩ ሥር ነው የሚገባው፤ አሮጌው እላዩ ላይ ወድቆ ይሸፍነዋል፣ ውሃውም ሳይገባ ይወርዳል። ጣቶቼ ለእርሳስ እንጂ ለሣር አልተፈጠሩም። ሰባት ጊዜ አሰርኩ፣ ሰባት ጊዜ ተፈታብኝ። እትዬ ጥሩዬ እየሳቁ ለባላቸው «ይተዉት፣ ይማራል» ይላሉ። ስምንተኛው ሲይዝልኝ የሠራሁት ሆቴል ሁሉ ያላስደሰተኝን ያህል ደስ አለኝ።

ስነሣ አንድ እስር ሣር በገመድ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ይሄ ለከርሞ ነው፣ ለአንድ ረድፍ።»

«ትንሽ ቢጨምሩልኝስ?»

«ሣር ሳይታሰር ከቆየ ይሰባበራል። የአንድ ክረምት እድገት አንድ ረድፍ ነው፣ ይበቃሃል።» ዓይኔን አዩኝ። «የቀረውን ስትመጣ ትወስዳለህ።» ያኔም ልናገር እችል ነበር። ሳልናገር ወጣሁ።

ስድስተኛው ቀን

ከደጀን በፊት አውቶቡሳችን ተበላሸ፣ ቀጣዩ እስኪመጣ ሜዳ ላይ ቆምን። ዝናቡ ያን ቀን የተበቀለን ይመስል ነበር። ገሳዎቹን ፈትቼ አደልኳቸው፤ ለአንድ ሽማግሌ፣ ለሁለት ሴቶች፣ ለረዳቱ። ለሽማግሌው ረዘመ፣ ለረዳቱ ጠበበ፣ ግን አንዳቸውም አልረጠቡም። ሽማግሌው ከውስጡ ሆነው «ይሄማ ቤት ነው» አሉ። አምስተኛው ለማንም አይሆንም ነበር። ደረቴ ላይ አቅፌ በጃኬቴ ሸፈንኩት፤ እኔ በሰበስኩ።

የሆቴሉ ጉዳይ በአጭሩ ይኸው ነው። አራቱን ከነጭቃቸው ሰቀልኳቸው፣ አምስተኛው ችንካር ባዶውን ቀረ። ባለቤቱ «እኩል አይደሉም» አለ። ሠራተኞቼ ሊያዩ ሲመጡ ማንም ሳይነግራቸው እያንዳንዳቸው ሄደው በየራሳቸው ገሳ ሥር ቆሙ፤ ባለቤቱ ያን አይቶ ክርክሩን ተወ። ስለ ባዶው ችንካር ሲጠይቀኝ «እሱ ባለቤት አለው» አልኩት። እስካሁን እያጉረመረመ ነው።

በእሑዱ ቢሾፍቱ ሄድኩ። አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀም። በሩን የከፈተችልኝ ቤዛ ናት፤ መጀመሪያ ሰናይት መስላኝ ነበር። ጭንቅላቷ አገጬ ላይ ይደርሳል። አላቀፈችኝም፣ በሩንም አልዘጋችም። «እማዬ፣ መጣ» አለች ወደ ውስጥ። ሰናይት ከኩሽና ብቅ ብላ አየችኝና «ግባ፣ ዝናብ ነው» አለች።

ገሳውን ሰጠኋት። አገላበጠችው፣ አሸተተችው፣ ደረበችው። ከወገቧ ትንሽ ወረድ ብሎ ቀረ። ሦስታችንም አየነው። ምን ልበል? አራት ክረምት ቁጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ ከገሳው ጫፍ እስከ ባቷ ድረስ ያለው ባዶ ቦታ በሙሉ።

«አጠረ» አለች።

«አዎ። በግምት ነው ያሠራሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ ቤዛ።»

ያልታሰረውን ጫፍ በጣቷ ዳበሰች። የጫፉን ነገር ነገርኳት፤ በየክረምቱ አንድ ረድፍ እንደሚጨመር፣ የሚጨምረውም አባት እንደሆነ። እስሩን ፈትቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩና ማሰር ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ ሲፈታብኝ አይታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሣሩን ወሰደችብኝ። ጣቶቿ ከኔ ይሻላሉ። አንዱን ረድፍ አብረን ጨረስን። ደርባ ቆመች፤ አሁንም አጭር ነው።

«ስንት ረድፍ ይቀራል?» አለች።

«ሦስት።»

«ሣሩስ?»

«ቢቸና ነው ያለው። ለአንድ ብቻ ነው የሰጡኝ፤ ብዙ እንዳመለጠኝ አልነገርኳቸውም።»

ትንሽ አሰበች። ገሳውን ሳታወልቅ ሄዳ በበሩ መቃን ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እንግዲያው ለካኝ» አለች። «አሁንም በግምት እንዳታሠራው።»

ሜትሬን አወጣሁ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ እንደዘረጋሁት አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ቁጥሩ አልታይህ አለኝ። ራሷ ዘወር ብላ አነበበችው። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት። ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን አውርጄ መቃኑ ላይ መሥመር አሰመርኩ። ሰናይት ቀለም የተቀባ እንጨቷ ላይ ስጽፍ አየችኝና ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች።

«ቀኑንም ጻፍበት» አለች ቤዛ።

ጻፍኩበት።